በደሴ ብርድ የተለካ ፍጥነት

ደሴ ውስጥ ምስጢር መያዝ ከባድ ነው። የከተማዋ አቀማመጥ አይፈቅድም። ቤቶቻችን ተራራው ላይ እንደ ደረጃ ስለተደረደሩ የእናንተ ጣሪያ ከላይ ላለው ጎረቤት የግቢው ጠርዝ ነው፤ የእናንተ ግቢ ደግሞ ከታች ላለው ጎረቤት ሰማዩ። ልብስ ስታሰጡ ከላይ ያሉት ያያሉ፤ ስትጨቃጨቁ ከታች ያሉት ሬዲዮናቸውን ይቀንሳሉ። ሰው ትንሽ የራሱ የሚሆነው ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ብቻ ነው። እኔ በዚች ከተማ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ምስጢር ይዤ ኖሬያለሁ። ጉሙ ረድቶኛል።

ሰው «ምስጢር አለኝ» ሲላችሁ ትልቅ ነገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጀምርልኝ ወንበሬን ጠጋ አደርግ ነበር። የእኔን ምስጢር አሳፋሪ የሚያደርገው ግን ትንሽነቱ ነው። ትልቅ ምስጢር ያለው ሰው ሲጋለጥ ቢያንስ ይወራለታል። የእኔን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ «ምን ማለት ነው?» ይላል፤ ካስረዳችሁት በኋላ ደግሞ «ታዲያ ለምን?» ይላል።

በሉ ልናገረው። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር አፈጥናለሁ።

ይኸው፣ ወጣልኝ።

ሥራዬ እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ ረጅም ቀሚስና ወፍራም ሹራብ ለብሳ ስለ ኩላሊት የምታስረዳ፣ ድምፅዋ ከሦስተኛው ወንበር የማያልፍ ቲቸር ዘይነባ እንደሆንኩ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያጠፋ የማፍረው እኔ ነኝ። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማውቀው አንድ ቀን ነው፤ እሱም መስኮት ይዘጋልን ለማለት። እንዲህ ያለች ሴት በትርፍ ጊዜዋ ዳንቴል ትሠራለች ተብሎ ይታሰባል። ጎረቤቶቼም እንደዚያ ያስባሉ። አስተባብዬ አላውቅም።

አጀማመሬ በስህተት ነው። ፈተና ለማዘጋጀት ብዬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ሳስነሳው የማይነካ ቁልፍ ነካሁና አይቼው የማላውቀው ገጽ ውስጥ ገባሁ። ፎቶ የለ፣ ጌጥ የለ፤ ቁጥር ብቻ። ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ነበረ። ልውጣ ወይስ ልንካው እያልኩ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እኔ መንገድ ስሻገር እንኳ መኪናው ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ የማይ ሰው ነኝ። ነካሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ነው። የሠራው ፋብሪካ «ከዚህ ፍጥነት አትለፍ» ብሎ ቁጥር ይመድብለታል። ፋብሪካው ጠንቃቃ ስለሆነ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመድበው፤ እናት ልጇን ስትድር ለአማቶቿ «ብዙም ሥራ አትችል፣ ደካማ ናት» እንደምትለው። እናትየው ልጅቷ ምን ያህል እንደምትችል አሳምራ ታውቃለች። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉት ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግን ይርበዋል። ስለዚህ ቮልቴጅ ትጨምሩለታላችሁ። ይህ ቮልቴጅ ከግድግዳ የሚመጣው መብራት አይደለም፤ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተመጥኖ የሚሰጠው ቀለብ ነው፣ አንድ ቮልት ከምናምን። ቀለቡ ሲበዛ ይግላል። ሲግል ይሳሳታል። ሲሳሳት ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ማሽኑ ይወድቃል። እንግዲህ ጥበቡ የማይራብበትን፣ የማይግልበትንና የማይሳሳትበትን ቦታ መፈለግ ነው። አንድ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ ትፈትናላችሁ። ከወደቀ በቀጭኑ ቮልቴጅ ትጨምራላችሁ፣ ደግሞ ትፈትናላችሁ። ከጋለ ትመለሳላችሁ። በዚህ መካከል ሰው ቢጠራችሁ አትሰሙም።

ውጤቱን የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። «ሙቀት 79፣ ደህና ናት።» «ትንሽ ተንቀጠቀጠች።» «ወደቀች፤ ከሰዓት እንደገና።» እናቴ እሑድ እሑድ በሬን ዘግቼ እንደምውልና ፊቴ በርቶ እንደምወጣ ካስተዋለች ቆይታለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፤ ሰው ተገኝቶ ይሆናል ብላ በልቧ ዱአ እያደረገች ነበር ለካ። አንድ እሑድ ታዲያ ሳታንኳኳ ገባች። እኔና ክዳኑ የተከፈተ ማሽን ብቻ ነን። ዙሪያውን አየች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ እማየ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «ምነው ሰው በሆነ» ብላኝ ወጣች።

እስከዚህ ድረስ ምስጢሬ ማንንም አልጎዳም ነበር። ጣጣው የመጣው የሰው ማሽን የነካሁ ጊዜ ነው።

ወንድሜ እንድሪስ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሠርግ ይቀርጻል። አላህ ለሁለታችን ያሰበውን ወሬ በሙሉ ለእሱ ስለሰጠው ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽራው እሱ ይመስላል። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ሱቋ ውስጥ ደግሞ ከሱቋ የማትፈጥን ማሽን። ሠርግ ተቀርጾ፣ ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ከገባበት በኋላ ሁሉም ተዋህዶ አንድ ቪዲዮ ሆኖ የሚወጣበት ሥራ አለ፤ ሬንደር ይሉታል። ያኔ ማሽኗ ብቻዋን ትሠራለች፣ ሰው ቁጭ ብሎ ያያታል። እንድሪስ ከጠዋት እስከ ምሽት ቁጭ ብሎ ሲያያት ይውልና «ወላሂ ዘይኑ፣ ሙሽሮቹ ወልደው፣ ልጁን አዝለው ነው ቪዲዮ የሚወስዱት» ይለኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ፣ ወረኢሉ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሠርግ ያዘና የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። «እግረ መንገድሽን ማሽኗን አቧራ ጥረጊልኝ» አለኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከተማው ጉም ነው። ካፖርቴን ለብሼ፣ አንገቴን ጠቅልዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አቧራውን መጀመሪያ ጠረግሁ፤ በውስጧ ትራስ የሚሞላ አቧራ ነበር። ከዚያ እጄ አላርፍ አለኝ። ፋብሪካው የሰጣት ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። አርባ አልኳት፣ ቻለችው። አርባ አንድ፣ ቻለችው። አርባ ሦስት ላይ ወደቀች፤ ቮልቴጅ ቆነጠርኩላት፣ ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አርባ አራት ላይ፣ በአንድ ነጥብ ሦስት ቮልት፣ ሙቀቷ ሰማንያ ሁለት ሆኖ አራት ሰዓት ሙሉ ሳትሳሳት ሠራች። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ደብተሬ ላይ መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ደስታዬን ግን ልነግራችሁ አልችልም።

እንድሪስ ተመልሶ የወረኢሉን ሠርግ ጠዋት ሬንደር ላይ ጣደው። የከሰዓቱ ዓስር ሶላት ሳይደርስ አለቀ። ብድግ ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አቧራ! ይኸን ሁሉ ዘመን የገደለኝ አቧራ ነው!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን እሱ በሩ ላይ ወጥቶ ለባለ ጫማ ቤቱ፣ ለባለ ፎቶ ኮፒው፣ ለመንገደኛው ጭምር «እህቴ አቧራ ጠርጋልኝ…» እያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ በእርግጥ አቧራው ነበር፤ ስለዚህ ውሸት አልተናገርኩም፣ የሰውየውን ንግግር አላረምኩም እንጂ። በሳምንቱ የጎረቤቶቹ ኮምፒውተሮች ቤቴ በር ላይ ተሰለፉ። እምቢ ማለት ስለማልችል ጠረግሁላቸው። ጠረግሁ ብቻ። «የእኔስ አልፈጠነም፤ አዳላሽ መሰለኝ» ያለችኝ ሴት አለች።

ቆይቶ ነገሩ ለመናገር አረጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ያልተነገረ ነገር በሁለተኛው ወር እንዴት ተብሎ ይጀመራል? እናንተም ያላችሁን እንዲህ ያለ ነገር አስቡትና ፍረዱኝ።

ባለፈው የካቲት እንድሪስ ሱቁን ወደ ኮምቦልቻ አወረደ። ወጣቱ እዚያ ፋብሪካ ይሠራል፤ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ያገባል፤ ሲያገባ ይቀረጻል። ስሌቱ ትክክል ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ደህና ሰፊ ሱቅ ተከራየ፣ ቀለም ቀባ፣ ማሽኗን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሚኒባስ እቅፉ ላይ ይዟት ወረደ። ሁለት ወር መልካም ሆነለት። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ማሽኗ ሬንደር መሃል ላይ መውደቅ ጀመረች። ስትጀምር በቀን አንዴ ነበር። ከዚያ ሦስቴ። ግንቦት ሲገባ አንድም ቪዲዮ እስከ መጨረሻው የማታደርስ ሆነች።

«መብራቱ ነው» አለ እንድሪስ። «ፋብሪካዎቹ ይስቡታል፣ ለእኛ የሚደርሰን ትርፍራፊው ነው።» ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመጣ፤ ገመድ ተቀየረ። ማሽኗ ወደቀች። ፍሪጅ የሚያክል መብራት ማመጣጠኛ፣ ስታቢላይዘር ገዛ፤ ስታቢላይዘሩ እየጮኸ፣ ማሽኗ ወደቀች። አክስታችን ከደሴ ደውላ «ዓይን ነው፤ ሰፊ ሱቅ ነው የጎዳህ» አለችው። ባለ ሠርጎቹ መመላለስ ጀመሩ። ከሁሉም የከበዱት የደጋኑ ሐጂ ይመር ነበሩ፤ ልጃቸውን ድረው ቪዲዮውን በየቀኑ በሚኒባስ እየመጡ ይጠብቃሉ። አይቆጡም። «አብሽር ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» ይሉና በር ላይ ወንበር ስበው እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ይቀመጣሉ። እንድሪስ «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት። ምሳዋ እንደቀረበ ነው።

«ወንድምሽ ሊሄድ ነው» አለችኝ።

የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጓደኛው ጅዳ ነው፤ ና ብሎ ከጠራው ቆይቷል። በየትኛው መንገድ እንደሚኬድ፣ በረሃው ምን እንደሆነ፣ ባሕሩ ምን እንደሆነ፣ ወሎ ውስጥ ማንም ለማንም አያስረዳም። ካሜራውን የሚገዛው ሰው ለሰኞ ቀጥሯል። ካሜራው ከሄደ እሱም ሄደ ማለት ነው።

ደወልኩለት። ድምፁ ጨዋታ አልነበረውም፤ የእንድሪስ ድምፅ ጨዋታ ከሌለው የታመመ ሰው ድምፅ ነው።

«ከተማዋ አልተቀበለችኝም ዘይኑ። ደሴ ላይ ሠርቼ ነበር፣ እዚህ አቃተኝ። እኔ ነኝ የማልረባው።»

«ማሽኗ ስትጠፋ ምን ትሆናለች?» አልኩት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ስክሪኗ ምን ይሆናል?»

«ሰማያዊ። ለምን ጠየቅሽ?»

መብራት ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል። ሰማያዊ የሆነው ፕሮሰሰሩ ስለተሳሳተ ነው። የተሳሳተውም እኔ በሰጠሁት ቁጥር ነው። ግን እኮ ሁለት ዓመት ሠርታለች! ፈትኛታለሁ! አራት ሰዓት ሙሉ! ዓርብን በክፍል ውስጥ ስለ ደም ዝውውር እያስተማርኩ፣ በልቤ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚያደርጋትን ነገር ታውቃላችሁ። መኪናው ውስጥ ሁላችንም እንደ ሽንኩርት ተጠቅልለን ነው የምንነሳው። ጥቂት መታጠፊያ ስንወርድ አንዱ ኮፍያውን ያወልቃል። ትንሽ ቆይቶ ሻርፑ ይፈታል። መስኮት ይከፈታል። ከፊቴ የተቀመጡት ሴት ጋቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ ሲያደርጉ እኔም የካፖርቴን ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ እጄ ቆመ።

ያቺን ማሽን የፈተንኳት ካፖርት ለብሼ ነው።

በነሐሴ። መስኮት ተከፍቶ። ጉሙ እላይዋ ላይ እየገባ። እሷን ሲያበርዳት የነበረው ማራገቢያዋ አይደለም፤ ጦሳ ነው። እንድሪስ ማሽኗን አቅፎ ሲወርድ ጦሳን አልጫነውም። ሰማንያ ሁለት የነበረው ሙቀት በዚያ ቆርቆሮ ሥር ዘጠና ምናምን ሆኖ፣ ደሴ ላይ የበቃት ቀለብ ኮምቦልቻ ላይ አልበቃት ብሎ፣ ምስኪን ሁለት ወር ታግላለች። እኛ የደሴ ሰዎች የራሳችንን ካፖርት በየመታጠፊያው እናወልቃለን። የማሽኗን ማን ያውልቅላት?

ሱቁ ስደርስ እንድሪስ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል። በሩ ላይ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ አሉ። ሐጂ ይመር መሆናቸውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«መጣች አቧራ ጠራጊዋ!» አለ እንድሪስ። «ድካምሽ ነው። ዛሬ በጎርፍ ብታጥቢያትም አትነሳም።»

«ልሞክር ብቻ።»

«ሞክሪ። ሰኞ እንደሆነ ሰውየው ይመጣል።»

እቅዴ ቀላልና ፈሪ ነበር። እሱን ማስወጣት፣ በድብቅ ማስተካከል፣ «አቧራ ነበር» ማለት፣ ወደ ደሴ መመለስ። ትልቅ ማራገቢያ ገዝተህ ና ብዬ ወደ ገበያ ላክሁት። ሐጂን ግን እንዴት ላስወጣቸው?

«አባባ ሐጂ፣ ሻይ ቢጠጡ…»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት ልጄ። ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ አልቸኩልም።»

ሥራዬን ያዝኩ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁና ሳቁብኝ፤ መጀመሪያ የነካሁት ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ነው። ቮልቴጅ ጨመርኩላት። በዘጠኝ ዓመት ልማዴ የወደቀችን ማሽን የማነሳው በመጨመር ነው። ሙቀቷ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት። ሰማያዊ። ደግሜ በጥቂቱ ጨመርኩ። ደቂቃም ሳትቆይ ሰማያዊ።

«ጠፋች?» አሉ ሐጂ ከበሩ።

«ጠፋች አባባ።»

«ምን አድርገሻት ነው?»

«ኃይል ጨምሬላት ነበር።»

«ግላ አይደለም እንዴ የምትጠፋው? ከዚህ ሆኜ ወላፈኗ ይሰማኛል እኮ።»

«ግላ ነው።»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና ወንበራቸውን ወደ ውስጥ ሳቡት። «እኔ በጉልምስናዬ አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኸን ኮምፒውተር የምትሉትን አላውቅም። ግን እላይ ደጋው ላይ አሞራ ሆና የወጣች መኪና ሚሌ በረሃ ስትገባ ሌላ ናት። ሞተሯ ሲግል ነዳጅ እንረግጥባታለን እንዴ ልጄ? እግር እናነሳላታለን እንጂ!»

እግር እናነሳላታለን። አስቡት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት በፈቃዴ ነክቼው አላውቅም። ስሸነፍ ብቻ ነው የምነካው። ከአርባ አራት ወደ አርባ ሁለት አወረድኳት። ቮልቴጁንም ቀነስኩ፤ የበፊቱ ፍጥነቷ ይጠይቀው የነበረውን ቀለብ አሁን አትፈልገውም። አስጀመርኩ። ሰባ ስምንት። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አራት። ሙቀቷ እዚያው ረጋ። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። ሐጂ ስክሪኑን ያያሉ፤ እኔም አያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ዘመድ ስላልሆኑ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ነሐሴን፣ ካፖርቱን፣ አቧራውን።

«ሱብሐነላህ! እና ወንድምሽ አያውቅም?»

«አያውቅም። አሁንም… አቧራ ነበር ልለው አስቤ ነበር።»

ሐጂ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «ይኸ ሰውዬ ደሴ ላይ የቀናው፣ ኮምቦልቻ ላይ የጠፋበት በምን እንደሆነ ካላወቀ፣ ዛሬ ብትነሳለትም ነገ ትጠፋብኛለች ብሎ ይሄዳል። ፈርቷል እኮ ልጄ። እኔ በየቀኑ የምመጣው ቪዲዮው ናፍቆኝ ይመስልሻል? ብቻውን እንዳይቀመጥ ብዬ ነው።»

እንድሪስ ማራገቢያውን ተሸክሞ ሲገባ የሐጂ ልጅ ሠርግ ሬንደር ላይ ነበር፤ ሠላሳ አራት በመቶ ይላል። በዚያ ወር ሠላሳን ያለፈበት ቀን አልነበረም። ማራገቢያውን መሬት ላይ ሳያስቀምጥ ቆመ።

«ምን አደረግሻት?»

«እንድሪስ፣ ተቀመጥ።»

«አቧራ ነው?»

«አቧራ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ነገርኩት። ቀሚሴን እያጠፍኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። ስጨርስ ማራገቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቆይ፣ እኔ አገር ምድሩን አቧራ አቧራ ስል አንቺ ቆመሽ ታይኛለሽ?»

«አዎ።»

«ሬዲዮ ላይ ልናገር ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ስታቢላይዘሩስ?»

«ለፍሪጅ ይሆናል።»

«ፍሪጅ የለኝም!» ብሎ ጮኸና ወደ ሐጂ ዞረ። «ሰሙልኝ አባባ? ይችን ነው አፍ የላትም፣ ጭምት ናት፣ የምንላት! ከሥሬ እሳት አንድዳ!» እጁን አወራጨ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ስክሪኑን አየ። አርባ ስምንት በመቶ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ድምፁ ተለወጠ።

«እና እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አንተ አይደለህም።»

«ከተማዋም አይደለችም?»

«ከተማዋ ምን አደረገችህ? ሞቃት ናት እንጂ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐጂ ወደ መንገዱ ዞሩ፤ እኔም ማራገቢያውን ከካርቶኑ ማውጣት ያዝኩ፣ ምንም ሳይቸግረኝ። ስድሳ። ሰባ አምስት። ሦስታችንም ዓይናችንን ስክሪኑ ላይ ተከልን፤ ዘጠና ላይ ስትደርስ ሐጂ ጮክ ብለው «ቢስሚላህ» አሉ። መቶ ሆነች። ልጃቸው በነጭ ልብሷ ከመኪና ስትወርድ፣ እሳቸው ራሳቸው ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ሲጨፍሩ አየናቸው። «ይኸማ ይቆረጥ» አሉ ሐጂ። እንድሪስ እምቢ አለ።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ካሜራው አይሸጥም… የለም፣ የዋጋ ጉዳይ አይደለም… ሠርግ አለብኝ።» ዘጋና ወደ እናታችን ደወለ፤ እዚያ ላይ ግን ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ወደ ውጭ ወጣ።

ዛሬ ምስጢሬ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የማያውቀው የለም፤ እንድሪስ በአቧራው ጊዜ ያወራበትን አፍ ነው የተጠቀመው። ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ የእኔንስ ታፈጥኚልኛለሽ?» ይሉኛል። አፍራለሁ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ማሽኗ አርባ ሁለት ላይ ናት፤ አንዴም አልወደቀች። እንድሪስ ሦስት ሠርግ ይዟል፤ ጅዳ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳም። ሁለተኛ ሳልነግረው እንዳልነካት ግን ሐጂ ፊት አስምሎኛል።

በቀደም ደውሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘይኑ፣ ማራገቢያው እኮ ትልቅ ነው። ዝናብም ጥሎ በረድ ብሏል። እንዲያው… አርባ ሦስት አይሞከርም?»

«ተው እንድሪስ» አልኩት፣ እንደ ታላቅ እህት ኮስተር ብዬ። «ያለህ ይበቃሃል።»

አርባ ሦስት ላይ ሳትወድቅ የቆየችው ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ እሱ ለዓስር ሶላት ሲወጣ።